መልክና ሙያ

ዳክዬዋ ቢጫ ናት፤ ምንቃሯ ቀላ ያለ፣ ዓይኗ የዋህ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብትቀመጥ፣ ለጥየቃ የመጡት አክስት እንኳ ጌጥ መስላቸው ያልፏታል። ቫይብሬተር መሆኗን የምታውቀው ባለቤቷ ብቻ ናት። ምስጢር በመጠበቅ ከአሥር አሥር ይገባታል።

ሥራው ላይ ነው ጣጣው። ሆዷ ውስጥ ያለችው ሞተር ከጣት ጫፍ አትበልጥም፤ ዘንጓ ላይ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ትንሽ ብረት ተሰክቶ ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል። ብረቱ ትንሽ፣ ባትሪው ትንሽ፤ ጫጫታው ግን ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ነው። ምስጢር ጠባቂነቱም እዚህ ላይ ያበቃል፤ አክስት ሳሎን ሆነው ይሰማሉ።

መልከ ጥፉው ደግሞ አለ። የጃፓኑ ሂታቺ እ.ኤ.አ. በ1968 ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው ‹ማጂክ ዋንድ› ነጭ፣ ወፍራም፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ቁንጅና ያልጎበኘው ዕቃ ነው። የተሠራው ለጀርባና ለትከሻ ነበር። የወሲብ ትምህርት አስተማሪዋ ቤቲ ዶድሰን ኒውዮርክ ውስጥ ለሴቶች በምትሰጠው ሥልጠና ሌላ ሙያ አገኘችለት። ሂታቺ እ.ኤ.አ. በ2013 ስሙን ከዕቃው ላይ አነሳ፤ ዕቃው ግን ገበያው አልቀዘቀዘም። ዛሬም የሚሸጠው ‹ማሳጅ ማድረጊያ› ተብሎ ነው። ትከሻውን የሚያመው ሰው መቼም አይጠፋም።