ባዶ ቤት ምን ይጠጣል?

ቆቦ ያለው የአባቴ ቤት ሰው ከወጣበት ቆይቷል፤ የውሃ ቆጣሪው ግን ኪራይ አላቋረጠም። ተከራዮቹ እኛ ነን። መስመሩ ሲገባ የቆጣሪውን ዋጋ ከፍለናል፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየወሩ ኪራዩን እንከፍላለን። የገዛነውን ዕቃ እየተከራየን እንደምንኖር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ገርሞት ያወቀ ግን የለም። እኔንም የከነከነኝ ቤቱ ለሽያጭ ከቀረበ ወዲህ ነው። ሰው እያለ የቆጣሪው ኪራይ ከፍጆታው ጋር ተቀላቅሎ ይዋጣል። ሰው ሲወጣ ግን ቢሉ ላይ ብቻውን ራቁቱን ቁጭ ይላል።

ገንዘቡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያናደደኝም ይኸው ነው፤ ብዙ ቢሆን ተሟግቼ አርፍ ነበር።

ግብሩስ ብትሉ፣ ሕዝቡ የጣሪያና ግድግዳ የሚለው ግብር መሠረቱ በ1968 የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ነው። የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ምን ያህል ያስገባል ተብሎ ነው። ቢከራይ! የእኛን ቤት አሁን የያዘው ምስጥ ነው። ኪራይ ባይከፍልም ከጣሪያና ግድግዳው ግድግዳውን እየቀነሰልን ነው። ጥር 2017 የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ ደግሞ የገበያ ዋጋ ይጠይቃል። የገበያ ዋጋውን ማን አውቆት? መሬት አይሸጥም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተናግሯል፤ ስለዚህ የምንሸጠው ምስጥ የበላውን ግድግዳ ነው። ገዢ ተብዬው ግን ግድግዳውን ዞር ብሎ ሳያይ ግቢውን በእርምጃው ይለካል።

እንግሊዝ አገር ያለችው እህቴ ታድላችኋል ትለኛለች። እዚያ ከ2024 ሚያዝያ ወዲህ (አቆጣጠሩ የእነሱ ነው) ሰውም ዕቃም ሳይኖርበት ከዓመት በላይ በተቀመጠ ቤት ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ግብሩን እጥፍ ማድረግ ይችላል፤ አሥር ዓመት ካለፈው እስከ አራት እጥፍ። ልጅቱ አገሯን ረስታለች። እኛ ዘንድ ቅሬ አለ።

አዲስ አበቤ እድር የሚለው ማለት ነው። አባቴ ሲሞት ቅሬው ቀበረው፣ ድንኳን ተከለ፣ ንፍሮ ቀቀለ፤ ቤቱ ግን መዝገብ ላይ ቀረ። መዋጮው ይቀጥላል፣ ይሁን። ያልዋጠልኝ ቅጣቱ ነው። ቤታችን ከቀብር ቀርቷል ተብሎ ተቀጥቷል።

«አባባ፣ ቤት እንዴት ብሎ ቀብር ይወጣል?» አልኳቸው የቅሬውን ዳኛ።

«ልጄ፣ ቅሬ የሚቆጥረው ጭስ ነው።»

«እኮ፣ ጭስ የለበትማ!»

«ነገ የሚገዛው ሰውዬ እሳት አያነድም?»

ለዚህ መልስ አላገኘሁም፤ መልስ ፍለጋ ግን ብዙ ርቄ ሄጃለሁ። ድንኳኑ ሲገዛ አባቴ አዋጥቷል። እንግዲያው ድንኳኑ ላይ ድርሻ አለን፤ ጥቂት ክንድ ሸራ፣ አንድ ሁለት ካስማ፣ ምናልባት የትልቁ ድስት ጆሮ። ይህ ከቤቱ ጋር ይሸጣል ወይስ ለብቻው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ይሁን ይላል። ድንኳን ግን ይንቀሳቀሳል፤ ከለቅሶ ለቅሶ ሲንቀሳቀስ ነው የሚኖረው። ቅሬያችን ደግሞ እስላም ክርስቲያኑ አብሮ ያለበት ስለሆነ ገዢው የየትኛውም ይሁን ሬሳው ሜዳ አይወድቅም። ማስታወቂያው ላይ «ቆርቆሮ ክዳን፣ ውሃና መብራት ያለው፣ ከነቀባሪው» ይባልልኝ ብዬ ነበር። ደላላው ገዢ ታስበረግግብኛለህ ብሎ ሰረዘው።

ከቅሬው እንውጣ እንዳይባል ደግሞ ያሳፍራል። ሐምሌ 2013 ጦርነቱ ቆቦ ከደረሰ በኋላ በነበሩት ወራት፣ መብራትና ባንክ በሌለበት፣ የሞተውን ማን ቀበረው? ያኔ ከፋይና ውዝፍ ያለበትን ለመለየት መዝገብ የገለጠ የለም ይሉኛል።

ስለዚህ እከፍላለሁ። እከፍላለሁ የምለው እኔ ነኝ፤ ወራሾቹ ግን ብዙ ነን። የቤተሰቡ የኢሞ ግሩፕ ላይ «ገዢ ተገኘ» ብዬ ስጽፍ ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከእንግሊዝ ድምፅ ይዘንባል። «በዚህ ዋጋማ አይሸጥም!» «ገና ይጨምራል!» የቢሉን ፎቶ ስልክ ሁሉም አይቶ ጸጥ። አንዱ አበባ ላከ። አበባ! ውዝፉ ካልተከፈለ ከዕዳ ነጻ የሚል ደብዳቤ አይጻፍም፤ ደብዳቤው ከሌለ ስም አይዛወርም፤ ስም ካልተዛወረ ከአሁኑ የምትከፋፈሉት ብር የለም። ይህን በምን ቋንቋ ልንገራችሁ? አባታችን በሕይወት እያለ ቆርቆሮው ተነቀለ ሲባል ሚስማር የላከ ማነው? ቤቱ ሲሸጥ የሁላችን፣ ሲያፈስ የእኔ የሆነው በየትኛው ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው? የወራሽነት ማስረጃው ላይ እኩል ይላል፤ አንብቤዋለሁ። እኩል!

እሺ፣ ጅዳ ያለው ልጅ ራሱ የሚተኛው ሰው በተደረደረበት ክፍል ውስጥ ነው። ሙሉ ቤት ባዶውን ተቀምጦ ወጪ ያስወጣል ሲባል ቀልድ ቢመስለው አይፈረድበትም።

የቅርቡ ቢል ደግሞ ፍጆታ ተመዝግቦበት መጣ። ሰው የሌለበት ቤት ውሃ ጠጣ! ቁልፉ ያለው ጎረቤታችን እትዬ ዘንድ ነውና ደወልኩ።

«አብሽር የኔ ልጅ፣ ፍየሎቹ ናቸው» አሉኝ፣ ምንም ሳይደነግጡ። «ሎሚውም እንዳይደርቅ ብዬ ጠብ አደርግለታለሁ።»

ፀሐዩን ስለማውቀው ዝም አልኩ። የራያ ቆላ ውሃው ከመሬት በታች ነው፤ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ሽንኩርት ያጠጣሉ። የእትዬ ፍየሎች ግን ሽንኩርት ማሳ ድረስ አይደክሙም፣ ቧንቧ ለምደዋል። ማሽላቸውም እኛ ግቢ ተሰጥቷል። ከሰዓት ከሰዓት ደግሞ ሎሚው ጥላ ሥር ቡና ያፈላሉ፤ ከሰል ተወዷል፣ በእንጨት ነው። ይህን ሲነግሩኝ የቅሬው ዳኛ ትዝ አሉኝና ስለ ጭሱ ለማንም እንዳያወሩ ልለምናቸው አስቤ ነበር።

እሳቸው ግን ሌላ ሐሳብ ላይ ነበሩ። «ይልቅ አዲስ አበባ ፍየል ስንት ገባ?» አሉኝ። ለበዓል ሁለቱን በአይሱዙ ሊልኩ አስበዋል፤ የቆቦ ገበያማ ከአፋር በኩል የሚነዳው ፍየል ዋጋውን ሰብሮታል ይላሉ። ሾላ ሄጄ እጠይቅሎታለሁ አልኳቸው። ሄጄም ነበር፤ ነጋዴው ሁሉ የየራሱን ይጠራል። ከሁለቱ ግን ቀዩን ሙክት ያየ ሰው እንዳይሸጡት ይመክራል፣ እኔም በላኩልኝ ምስል አይቼዋለሁ፣ ቢያቆዩት ይሻላል ባይ ነኝ።