«ባለቤቱ ጋ ቀጥታ ነኝ»

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ቤታችንን የዛሬ 9 ዓመት ስንገዛ ያገናኘችን ሪልተር ጥርሷ እንደ አዲስ ስኒ የሚያበራ ሴት ነበረች። ፎቶዋ ካርዷ ላይ አለ፣ ሣሩ ላይ የተተከለው «የሚሸጥ» የሚለው ሰሌዳ ላይ አለ፣ በየገና በዓሉ በፖስታ የምትልክልን ማግኔት ላይም አለ፤ ፍሪጃችን ላይ ከልጆቻችን ፎቶ የሷ ይበዛል። የበሩ እጀታ ላይ ከተንጠለጠለች ትንሽ ሳጥን ቁጥር ነክታ ቁልፍ አወጣችና አስገባችን። የቤቱን ባለቤቶች እስከ ዛሬ በዓይናችን አላየናቸውም።

ሚስቴ እንደ አገሯ ወግ «ጎረቤቶቹስ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ ፈገግታዋን ሳታጥፍ ዝም አለች። ኋላ እንደገባን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ ፌር ሃውዚንግ የሚባል ሕግ አለ፤ ሰፈርን በነዋሪው ዘር ወይም ሃይማኖት እየለዩ ገዥን ወዲህና ወዲያ መምራት ክልክል ነው። መልካም ሕግ ነው፤ እኛንም ጠቅሞናል። እሷ ግን አንዲት ቃል አምልጣት ፈቃዷን እንዳታጣ ብላ ይሆናል፣ ስለ ጎረቤት የሚባል ነገር ጨርሶ ትታዋለች። ስለ ኩሽናው ግራናይት ግን 20 ደቂቃ አስረዳችን።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ አዲስ አበባ ቤት ልገዛ ሄድኩ። በወረቀቱ ከሄድን እኔ የውጭ አገር ዜጋ ነኝ፤ ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ ቤት መግዛቴ በፓስፖርቴ ዓይን ውጭ አገር ንብረት መግዛት ነው። ነገሩን የምታለሳልሰው ኪሴ ውስጥ ያለችው ቢጫ ካርድ ናት። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ዜግነቱን የቀየረ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቤት ንብረት እንዲያፈራ ትፈቅዳለች። ዲያስፖራነቱን ከፊቱ ላይ የምታነሳለት ካርድ ግን እስካሁን አልወጣችም።

የአክስቴ ልጅ ቦሌ ሊቀበለኝ መጥቶ ገና ሻንጣዬን ሳይዝ መመሪያ ሰጠኝ። «ደላላ ፊት አፍህን እንዳትከፍት። አፍህን ከከፈትክ ዶላሩ ይታያል።» ክርኑ የነጣ ጃኬቱን አዋሰኝ። ጫማዬንም ሊያስለውጠኝ ፈልጎ ነበር፤ የሱ ጫማ በሁለት ቁጥር ስላነሰኝ ተወው። በሦስተኛው ቀን መገናኛ ደላላው ዘንድ ተቀጣጥረን ስንሄድ እሱ መኪናዎቹን እየሾለከ ተሻገረ፤ እኔ ዜብራው ጠርዝ ላይ ቆሜ እስኪቆሙልኝ ጠበቅሁ። ብዙ ጠበቅሁ። ማዶ ቆሞ የሚያየኝ አንድ ጎረምሳ ተመልሶ መጣና ክንዴን ይዞ አሻገረኝ።

«ጋሼ፣ ከየትኛው ስቴት ነዎት?» አለኝ።

ደላላው እሱ ነበር።

የደላላ አማርኛ የራሱ መዝገበ ቃላት ያስፈልገዋል። «ከአስፋልቱ 50 ሜትር ገባ ብሎ» ሲባል ወፍጮ ቤቱን፣ ትንሿን ድልድይና የግንብ አጥሩን አልፈን፣ የአክስቴ ልጅ ሁለቴ «ደረስን?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ነው። «አስቸኳይ ሽያጭ» ሦስት ክረምት ያለፈው ነው። «ለኑሮም ለቢዝነስም የሚሆን» ማለት ከመኝታ ቤቱ ሥር ግሮሰሪ አለ ማለት ነው። «ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ» የሚባለውን እንኳ ለማመን ተቸግሬያለሁ። ያየኋቸው ቤቶች ባለቤቶች አንድ ሳይቀር ወደ ውጭ ሊሄዱ ነበር። እኔ ከውጭ መምጣቴ ነው፤ አየር ላይ ተላልፈናል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን «ባለቤቱ ጋ ቀጥታ ነኝ» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ቤት ልናይ በአንዲት ቪትዝ ስንሳፈር ከኛው ደላላ ሌላ ሁለት ሰዎች ቀድመው ገብተዋል። ሦስቱም ባለቤቱ ጋ ቀጥታ ናቸው። ገርጂ ስንደርስ አራተኛው መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን፤ እሱ ከሁሉም ይበልጥ ቀጥታ ነው፣ ምክንያቱም ባለቤቱን የሚያውቅ ሰው ያውቃል። እንደ ልማዱ 2 በመቶ ከገዥ፣ 2 በመቶ ከሻጭ ይወሰዳል፤ ያችን ነው እንግዲህ ሰንሰለቱ የሚቀራመታት። አሜሪካ ሪልተሯ ብቻዋን መጥታ ስትሄድ እዚህ በልዑካን ቡድን መጎብኘቴ ትንሽ ኩራት ቢጤ እንዳሳደረብኝ አልደብቅም።

አንድ ቀን ዋጋ ተነግሮኝ «ባለቤቴን ላማክርና እደውላለሁ» አልኩ። ቪትዟ ውስጥ ያለው ሁሉ ጸጥ አለ። የኛው ደላላ ቀስ ብሎ ዞረና «ጋሼ… እርስዎም ደላላ ነዎት እንዴ?» አለኝ። ሚስቴን ማለቴ እንደሆነ እስክናገር ከኋላ የተቀመጡት ስልካቸውን አውጥተው ነበር። ሚስትንም፣ ካርታ በስሙ ያለውንም ሰው በአንድ ቃል መጥራታችን ለሌላ ጊዜ ችግር አልነበረውም።

ልቤ የወደቀው ሰሚት ነበር። ባለሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ 20/80ዎቹ አሳንሰር ስለሌላቸው ሦስተኛ ፎቅ ለጉልበቴ የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ግድግዳው ገና ተቀብቶ የቀለሙ ሽታ አልወጣም። ሻጯ ነጭ ነጠላ የለበሱ ደርባባ እናት ናቸው። 6 ሚሊዮን ተኩል አሉ። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ስደሰት ደላላው ደረጃው ላይ ከተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች ጋር ነበር፤ በየፎቁ አንዷን ነካ እያደረገ ይወርዳል። ሥራ ፈት መሰለኝ።

ያን ምሽት ሒሳብ ሠራሁ። የ6 ሚሊዮን ተኩል 2 በመቶ 130 ሺህ ብር ነው፤ በዚያን ጊዜ የባንክ ምንዛሪ ከ2,200 ዶላር በላይ። ለምን? በር ላንኳኳልኝ? ጀሪካን ለነካካልኝ? ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ሴትዮዋም ሰው ወዳድ ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻዬን ሄድኩ።

ሴትዮዋ ደስ ብሏቸው ቡና አፈሉ። በአቦሉ ቤቱ 6 ሚሊዮን ተኩል እንደሆነ ነው። በቶናው «የት ነው ያለኸው ልጄ?» አሉኝ። ሜሪላንድ አልኩ። «ውይ፣ የእህቴም ልጅ እዚያው ናት፣ ዴንቨር» አሉና ቤቱ 6 ሚሊዮን 800 ሺህ ሆነ። ፈንዲሻውን እየዘገንኩ ልጆች እንዳሉኝ፣ ሚስቴ ነርስ እንደሆነች ተናገርኩ። ስለ አፌ ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ዘመድ የለኝም ማለት አልችልም። በረካው ሲቀዳ 7 ሚሊዮን 200 ገባን። አራተኛ ስኒ ቢኖር ኖሮ ቦሌ ቪላ የሚገዛበት ዋጋ እንደርስ ነበር።

ከደረጃው ሳልወርድ ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ ስንተኛው ስኒ ላይ ነው ሰባት የገባው?»

የብሎኩ ጥበቃ ነግሮት ኖሯል። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣም። እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ ዘረዘረልኝ። በክረምት የተቀባ ቀለም የሚደብቀው ነገር ስላለው ነው፤ ከላይ ያሉት ሰዎች መታጠቢያ ቤት ያንጠባጥባል፣ በዚህ ነገር ካልተነጋገሩ ዓመት አልፏቸዋል። ጀሪካኖቹ ሁሉ ከውጭ እርጥብ ናቸው፤ ያ ማለት ሰዉ በየቀኑ ቀድቶ ይወጣል፣ ያ ማለት ውሃው ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም። ካርታው በሟች ባላቸው ስም ነው፤ ከወራሾቹ አንዷ ልጅ ቤይሩት ናት፣ ውክልና አልላከችም፣ የሷ ፊርማ ከሌለ ውልና ማስረጃ አይነካውም።

«ታዲያ ለምን አሳየኸኝ?» አልኩት።

«ማየት ነው የፈለጉት፣ አሳየሁዎት። ሊገዙ ሲሉ እነግርዎት ነበር።»

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አሰላስዬዋለሁ። ቀዳዳ አላገኘሁለትም።

ከዚያ በኋላ ጃኬቱን ለአክስቴ ልጅ መለስኩ። ደላላው ገርጂ ወሰደን፤ የኮንዶሚኒየም ነገር በሙከራ የተጀመረበት ሰፈር ነው፣ ሕንፃዎቹ አርጅተዋል፣ ዛፎቹ ግን አድገዋል። ሁለተኛ ፎቅ። ገና ደረጃው ላይ ሳለን አንዲት ጀሪካን በጣቱ አበሰና ጣቱን አሳየኝ። አቧራ። ቀጣዩም ፎቅ አቧራ። «ውሃ አለ» አለ። ቤቱ በር ላይ እስክንደርስ ደግሞ ስለ ጎረቤቱ የማያውቀው አልነበረም። በግራ ያሉት ባልና ሚስት ተጣልተዋል፣ ግን ስለማይነጋገሩ አይረብሹም። ከላይ ያለችው የሌሊት አዳሪ የሆስፒታል ሠራተኛ ናት፤ ቀን ትተኛለች፣ ሙቀጫ አትወድም። ኮሙናሉ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ በዓል በደረሰ ቁጥር ከዋዜማው ጀምሮ የበግ ድምፅ አለ፣ ቀሪው ዓመት ሰላም ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሰላምታ ያልሰጣቸውን ሰው መኪና የት እንዳቆመ ይመዘግባሉ። ሜሪላንድ ያለችው ሪልተር ይህን ብትሰማ ግራናይቱ ላይ ተዝለፍልፋ ትወድቅ ነበር።

ሐሙስ ዕለት በዋጋ ተስማማን። እኔ ሰኞ ቀብድ እከፍላለሁ አልኩ፤ ቅዳሜና እሑድን ላስብበት ብዬ። ደላላው «ዓርብ» አለ። ለምን ዓርብ? «የሻጩ ታላቅ ወንድም ሰኞ ከድሬዳዋ ይመጣል። እሱ ከመጣ ይህ ቤት አይሸጥም። እናታቸው እዚህ ነው ያረፉት፣ ያለቅሳል።» ስለዚህ ዓርብ ሐምሌ 19 ቀብድ ከፈልኩ፣ ምስክር ተቀምጦ ወረቀት ተጻፈ።

ሰኞ ሐምሌ 22 ወንድምየው ከድሬዳዋ መጣ። በዚያው ቀን ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው፤ ጠዋት ስነቃ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወደ 75 አሻቅቦ፣ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። ሻጩ ሲደውል ድምፁ ተቀይሯል። ዋጋው ቀርቷል፣ ቀብድህን ውሰድ አለ፤ ከኋላው ወንድሙ ሲያለቅስ ይሰማል። ደላላው ስልኩን ከእጄ ወስዶ ሁለት ነገር ብቻ ተናገረ። አንደኛ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውል ያፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል፤ ይህ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ሁለተኛውን በሹክሹክታ ስለተናገረ አልሰማሁትም። ወንድምየው ግን ለቅሶውን አቆመ።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው፤ ያሳለፈ ያውቀዋል፣ ያላሳለፈ አያምነኝም። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ተጣርቶ፣ አሹራው ተከፍሎ፣ ፈቃዴ አልቆ ስለተመለስኩ ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲ ያረጋገጠው ውክልናዬ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዞሮ ለአክስቴ ልጅ ደርሶ፣ ስሙ ዞረ። ኮሚሽኑ የተከፈለው ውልና ማስረጃ ፊት ለፊት ባለች ካፌ ነው፤ እኔ በቪዲዮ ጥሪ ከማኪያቶ ብርጭቆ ተደግፌ ተከታተልኩ። አራቱ ቀጥታዎች ተቀምጠዋል። አምስተኛ ሰው ወንበር ስቦ «እኔ ነኝ ስልክ ቁጥሩን የሰጠሁት» ሲል አየሁ። የኛው ደላላ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ «ጋሼ፣ ዶላሩ እኮ ጨምሯል። እኛስ?» አለኝ። እንደ እውነቱ ከሆነ ሒሳቡ ትክክል ነበር። ሻጩ ላይ እንጂ እኔ ላይ አልደረሰም። ጨመርኩ።

ባለፈው ሰሞን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ይሆናል ብዬ በድንጋጤ አነሳሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ደንበኛ አለኝ፣ ልጁ እናንተ አገር ቤት ሊገዛ ነው። ከእርስዎ ቤት በስተቀኝ ያለው ሊሸጥ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

ሰሌዳ ተተክሎ አይቻለሁ አልኩት። ከየት ሰማህ አላልኩም።

«ሰዎቹ እንዴት ናቸው?»

አላውቃቸውም አልኩ። ውሻ አላቸው፣ ጠዋት ጠዋት እጅ እንነሳሳለን።

«ስማቸውስ?»

ስማቸውንም አላውቅም።

መስመሩ ላይ ዝም አለ። ከጀርባው የመገናኛ ታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማኛል።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ? ታዲያ ጋሼ፣ ምን አይተው ገዙት?»

ስለ ግራናይቱ ነገርኩት።