የጓዳና የሳሎን ሕግ፦ ስለ ቤት ወጪ ቅነሳ የተደረገ የመስክ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ1857 ኤርነስት ኤንግል የተባለ ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ፣ የቤተሰብ ገቢ ባነሰ ቁጥር ለምግብ የሚወጣው ድርሻ ከፍ እንደሚል አሳየ። ሕጉ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በእኛም አገር የዋጋ ግሽበት በሚለካበት ዘንቢል ውስጥ ምግብ ከግማሽ በላይ ቦታ ይዞ ስለሚገኝ ሊቁ አልተሳሳተም። ይሁን እንጂ ኤንግል የቤልጂግ ሠራተኞችን የወጪ መዝገብ አገላበጠ እንጂ፣ እሁድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጥቶ በር አላንኳኳም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ይሞላል።

ጥናቱ የተካሄደው በአንድ ቤተሰብ ላይ ነው። አባወራው የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ እማወራዋ የጓዳው ሙሉ ባለሥልጣን። ከእነሱ ሌላ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ አለች፤ በቁመት ከሁሉም አንሶ በአበላል ሁሉንም የሚያስከነዳ ታናሽ ወንድምም አላት። ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ይገባል፤ ዓመቱ ግን 13 ወር ነው። ጳጉሜን በምን እንደሚሻገሯት ሲጠየቁ እማወራዋ «በእግዚአብሔር» ብለዋል፤ መልሱ በሠንጠረዡ ላይ «ልዩ ልዩ ገቢ» በሚለው ሥር ተመዝግቧል። አጥኚው ቤቱን የጎበኘው ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ነው፤ መረጃ ትኩሱን የሚገኘው ያኔ ነውና።

የወጪ ቅነሳው መነሻ ይታወቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። በዚህ ቤት ዶላር በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰው የለም። ሆኖም የሰፈሩ አትክልት ሻጭ ቆስጣው ለምን እንደተወደደ ሲጠየቅ «ዶላር ጨምሮ ነው» አለ። ቆስጣው የበቀለው አቃቂ ወንዝ ዳር ነው።

ቅነሳው በይፋ የተጀመረው አባወራው በጠሩት ስብሰባ ነው። ወረቀቱን ለሁለት ከፈሉት፤ በአንዱ ራስጌ «አስፈላጊ»፣ በሌላው «ቅንጦት» ብለው ጻፉ። ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ሁሉ ቅንጦት ሆኖ ተገኘ፦ የልጅቷ የሞባይል ጥቅል፣ የልጁ ብስኩት፣ የእማወራዋ የፀጉር ቅባት። ከሥራ መልስ የሚጠጣው ድራፍት ግን «ማኅበራዊ ግንኙነት» ተብሎ በአስፈላጊው ሥር ገባ። እማወራዋ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በማግስቱ ከሕንፃው ሥር «ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ የአባወራው ኮት በአንድ ሰማያዊ ሳፋ ተለወጠ። ሁለቱን ክስተቶች የሚያያይዝ ማስረጃ አልተገኘም።

ከስብሰባው በኋላ በቤቱ የታየው ሁሉ አጥኚው የጓዳና የሳሎን ሕግ ብሎ ወደ ሰየመው ድምዳሜ ይመራል። ቤት የሚቆጥበው ከጓዳ ነው፤ ሳሎን አይነካም። እንግዳ የሚያየው ወጪ እስከ መጨረሻው ይቆያል፤ የማያየው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይጠፋል።

ለዚህ እንጀራው ይመስክር። ማኛ ጤፍ ከቤቱ የወጣው ያለ ሽኝት ነው። ሰርገኛ ተተካ፤ ሰርገኛው ላይ ሩዝ ገባ፤ ሩዙን ተከትሎ ማሽላ መጣ። ዛሬ በሊጡ ውስጥ ጤፍ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቁት እማወራዋ ብቻ ሲሆኑ፣ ሲጠየቁም «ጤፍ ነው» ይላሉ። ሩዝ የገባበት እንጀራ በተጋገረበት ቀን ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ማኛ ይመስላል። በማግስቱ ይደርቃል፤ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዚህ ቤት እንግዳ የሚጋበዘው በጋገራ ቀን ብቻ ነው። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ከፍ ስለሚል፣ ጋገራውም በሳምንት አንዴ ሆኗል። ከዚህ የሚከተለውን ስሌት አጥኚው ለአንባቢ ትቶታል። ወጡም በአቅሙ ተባብሯል፦ ይንቆረቆር የነበረው ዘይት በማንኪያ ይለካል፤ ቁሌቱ ውስጥ ደቅቆ የተከተፈ ጥቅል ጎመን ሽንኩርት ሆኖ ይሠራል። ልጁ ሽሮውን አይቶ «እማዬ፣ ይሄ ሾርባ ነው?» ሲል እህቱ በክርኗ ጎሸመችው።

በሃይማኖቱ ረገድ ጥናቱ በጥንቃቄ ይራመዳል። ቤተሰቡ ቀድሞም ጿሚ ነበር፤ አሁን ግን መንፈሳዊ ደረጃው በጉልህ ከፍ ብሏል። ጾመ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለችው፣ የፈቃድ ጾም ናት። ድሮ በዚህ ቤት የሚጾማት አልነበረም፤ ዘንድሮ ሁሉም ፈቅዷል፤ ልጁም ፈቅዷል ተብሎ ተነግሮታል። የቤቱ ጭንቅ የሚመጣው በበዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ለመጾም ያሰበ ሰው ሰበብ የለውም። እማወራዋ በእነዚያ ቀናት «ሥጋ ከበደኝ» ማለት ያዘወትራሉ። የከበዳቸው ሥጋ በቤቱ አልታየም።

ቅርጫ ግን አልቀረም፤ ቅርጫ መግባት በሰፈር ፊት የሚደረግ ነገር ነዋ። ቅርጫ የሚገባው ሰው ቁጥር በየበዓሉ ይጨምራል፤ በሬው ግን አላደገም። ዶሮም እንዲሁ ነው። በወጉ 12 ብልት ይወጣላታል፤ የዘንድሮዋም 12 ወጥቶላታል፤ ሦስቱ ብልቶች የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆኑ በምርመራ ሊለይ አልቻለም። ዕድርን ማንም አልነካም። አባወራው በስብሰባው ስሙን ሊያነሱ አፋቸውን ከፍተው የሚስታቸውን ፊት አይተው ዘጉት።

ሕጉ በግልጽ የሚታየው ቡና ላይ ነው። ቡና ሳሎን ስለሚፈላ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ፈንዲሻው በሰፌድ ሙሉ ይቀርባል። የጀበናው ሆድ ግን ለማንም አይታይም፤ ስለዚህ በሕጉ መሠረት ጓዳ ነው። የዛሬው አቦል የአምናው ቶና ነው፤ የዛሬው ቶና የአምናው በረካ። የዛሬው በረካ በየትኛው መደብ እንደሚገባ ገና አልተወሰነም። እንግዶች ሁሉ አንድ በአንድ «እንዴት ያለ ቡና ነው!» ይላሉ፤ አባባሉ ሁለት ትርጉም ቢኖረውም አስተናጋጇ አንዱን ብቻ ይሰማሉ።

እማወራዋ ራሳቸው ሲበሉ የታዩበት አጋጣሚ በመረጃው ውስጥ የለም። ሲጠየቁ «እኔ ቅድም በልቻለሁ» ብለዋል። ቅድም መቼ እንደነበረ ለማጣራት የተደረገው ጥረት ውጤት ስላላስገኘ፣ ጉዳዩ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ተደርጓል።

እንግዳ ሲገባ ጓዳ በሳምንት ያጠራቀመው በአንድ ገበታ ይወጣል። ለሦስት ቀን የታቀደው እንቁላል አንድ መጥበሻ ላይ ይሰበራል። እማወራዋ «ብሉ እንጂ፣ ምነው እጃችሁን ሰበሰባችሁ!» ይላሉ፤ ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ!» ይላሉ። ዓይናቸው ግን ልጁ ላይ ነው። ልጁ ያን ዓይን ያውቀዋል፤ ማንም ሳይጠይቀው «ጠግቤያለሁ» ብሎ ይነሳና ጓዳ ገብቶ ድርቆሽ ይቆረጥማል። እንግዳውም የዋዛ አይደለም፤ እሱም ጓዳ ያለው ሰው ነው። ገና ወንበር ሳይዝ «አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ብሎ ይምላል። ያልበላው በልቻለሁ እያለ፣ የሌለው ሞልቷል እያለ ለረጅም ጊዜ ይማማላሉ። በመጨረሻ እንግዳው ሦስት ጉርሻ ይቀበላል፤ የተረፈው ተመልሶ የማግስቱ ፍርፍር ይሆናል፤ የሁለቱም ቤት ክብር ሳይጎድል ይለያያሉ። አጥኚው በበኩሉ በልቼ ነው የመጣሁት ብሎ አያውቅም። ተመራማሪ መዋሸት አይፈቀድለትም።

ጥናቱ ሊጠናቀቅ ሲል አባወራው አዲስ ዘዴ ፈለሰፉ። አንድ እሁድ ማለዳ «እህቴን ከጠየቅናት ቆየን እኮ» አሉ። እህትየዋ የሚኖሩት ሰሚት ነው፤ በአዲስ አበባ ካርታ ላይ ከጀሞ ወዲያ ማዶ። እማወራዋ ሐሳቡን ወዲያው ደገፉ፤ ዘመድ መጠየቅ ጽድቅ መሆኑንም አስታወሱ። የታክሲው ሒሳብ ከምሳው ጋር ተነጻጽሮ አዋጭ ሆኖ ተገኘ፤ ልጁ ጭን ላይ እንዲቀመጥ፣ ረዳቱ ዕድሜውን ከጠየቀም አምስት ዓመት እንዲል ተወሰነ። ሰባት ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው ምሳ ላይ ደረሰ ስለሚባል መነሻው አምስት ተኩል ተደረገ።

ሜክሲኮ ላይ ለሁለተኛው ታክሲ ሰልፍ ፍለጋ ሲሄዱ፣ ከጀሞ ሰልፍ መካከል አንዲት ሴት «ወንድሜ!» ብለው ጮኹ። እህትየዋ ነበሩ፤ ከባላቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር።

«እናንተ ጋ እኮ እየመጣን ነው!» አሉ እህትየዋ።

«እኛ ደግሞ እናንተ ጋ!» አሉ አባወራው።

መሳሳሙ ረዘም አለ፤ ሁለቱም ወገን የሚያስብበት ጊዜ ይፈልግ ነበር። ከዚያ እህትየዋ «በሉ፣ እንዲህ ከተገናኘን እናንተ ጋ እንሂድ፤ ልጆቹ ቤታችሁን ናፍቀዋል» አሉ። እማወራዋ ፈገግ ብለው «በሞቴ፣ እኛ አስበን ከቤት ወጥተን እንዴት እንመለሳለን? ሰሚት ነው የምንሄደው» አሉ። «በሞቴ» ከሁለቱም በኩል ተደጋግሞ ተባለ። የጀሞው ሰልፍ ሄደ፤ ሌላ ሰልፍ ተሠራ። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመው አንዱ የሌላውን ቆሎ ይቆጥራሉ።

መፍትሔውን ያመጡት የእህትየዋ ባል ናቸው። ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው አክስታቸው ከሜክሲኮ በእግር የምትደረስ መሆኗን፣ የታክሲ ወጪ እንደማያስፈልግ፣ ሴትዮዋም በዚህ ሰዓት ከቤት እንደማትወጣ አስረዱ። ሁለቱም ቤተሰቦች ያለ ክርክር ተስማሙ። አጥኚውም ለናሙናው ስፋት ሲል አብሮ ሄዷል።