«ገና ይሄዳል» የሚባል ጎማ

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ፣ ከዊንጌት በ18 ማዞሪያ አድርጎ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው የቀለበት መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን የአዲስ አበባው የኮልፌ ቀራኒዮ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል፤ መኪናው ግን እየተንሸራተተ ሄዶ የፊተኛውን ይገጫል። ሁለቱም ይወርዳሉ። «ፍሬን ይዤ ነበር እኮ!» ይላል የኋለኛው። ይዟል፣ አልዋሸም። ጎማው ግን አስፋልቱን የሚቆነጥጥበት ጥርስ ካጣ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ትራፊክ ፖሊስ እስኪመጣ መንገዱ ይዘጋል፤ ሥራ የሚሄደውም፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያወጣውም፣ በሽተኛ የጫነውም ዝናቡ ውስጥ ተገትሮ ይቀራል።

የሚያሳዝነው ጎማ የተደበቀ ነገር የሌለው መሆኑ ነው። የሞተር ሕመም መካኒክ ይፈልጋል፤ የጎማን ሕመም ጎንበስ ያለ ሁሉ ያየዋል። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያሉ ምልክቶች አሉ። ጥርሱ ተበልቶ ከእነሱ እኩል ሲሆን የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በብዙ አገሮች ከዚያ በታች መንዳት በሕግ ያስቀጣል። የቤት መኪና ጎማ አዲስ ሲሆን ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ጥልቀት የተሰጠው የአስፋልቱን ውሃ እየተቀበለ ወደ ጎን እንዲገፋ ነው። ቦዩ ሲጠፋ ጎማው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይታዘዙም። አበላሉም ቢሆን ይናገራል፦ ሁለቱ ጠርዞች ከተበሉ ንፋሱ አንሷል፣ መሀሉ ከተበላ ንፋሱ በዝቷል፣ አንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ አላይመንቱ ተዛብቷል።

አላይመንት ደግሞ በእኛ ሰፈር እንዴት ይጸናል? ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ፣ ከቤቴል ወደ ውስጥ ለውስጡ ሲገባ፣ የተነቀለ ኮብልስቶን አለ፣ ክዳኑ የጠፋ የውሃ ቱቦ አለ፣ ለመስመር ተቆፍሮ በአፈር ብቻ የተሸፈነ አስፋልት አለ። ክረምት ጉድጓዱን ሁሉ በውሃ ሞልቶ ያስተካክለዋል፤ ጥልቀቱን የሚያውቀው የገባበት ጎማ ነው። ቸርኬው ሲመታ የጎማው የውስጥ ክር ይበጠሳል፤ በማግስቱ ጎኑ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ይወጣል። ይህ እብጠት አይጠገንም። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያ ጎማ መውለቅ አለበት። የሚሰማው ግን «ገና ይሄዳል» የሚል ነው።

ይህችን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጎሚስታው ይላታል፣ ባለመኪናው ይላታል፣ ረዳቱ ይላታል። በሚኒባስ ታክሲ ላይ ነገሩን አስተውሉት። ሾፌሩ ማታ ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል። ጎማ መግዛት የባለቤቱ ፋንታ ነው፤ ባለቤቱ ግን በዚያ ጎማ ላይ አይቀመጥም። ሾፌሩ ቢነግረው «ገቢ ላለማስገባት ነው» ይባላል፤ ቢያቆመው የዕለት እንጀራው ይቀራል። ስለዚህ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ላይ ጦር ኃይሎች ቆሞ ተሰልፎ የዋለው ተሳፋሪ ይጫናል፤ እናቶች ልጅ አቅፈው ይጫናሉ። አንዳቸውም አልተጠየቁም።

ገንዘቡ እንደሚያም አውቃለሁ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከውጭ የሚመጣው ጎማ አብሮ ከመናር ምን ምርጫ ነበረው? በዚያው 2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ፤ እናም ያለችውን አሮጌ መኪና አቅፎ መኖር ግድ ሆነ። ኤሌክትሪክ መኪና የገዙትም አላረፉም፦ ባትሪው ከባድ ነው፣ ሲነሳም ጉልበቱ በአንዴ ስለሚመጣ ጎማ በቶሎ ይጨርሳል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ገንዘብ ለቃቅሞ መርካቶ ጎማ ተራ የወረደ ሰው ቢያንስ ትኩስ ጎማ ይገባው ነበር። ጎማው ጎን ላይ፣ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት ጋር ባለው ጽሑፍ መጨረሻ 4 አኃዞች አሉ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት፣ ማለትም በእኛ 2011 ግንቦት መጨረሻ ላይ የተሠራ ነው። ጎማ መደርደሪያ ላይም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ፀሐይ ላይ የሚውል ጎማ ደግሞ ይብስበታል። አምራቾች 10 ዓመት የሞላውን፣ ጥርስ ቢኖረውም፣ ቀይሩ ይላሉ። እዚህ ግን «የተሠራበትን ቀን አሳየኝ» ያለ ገዢ እንደ ተሳዳቢ ይታያል። «ጋሼ፣ አዲስ ነው አልኩህ እኮ! ወረቀቱ እንኳን አልተላጠም» ይባላል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል።

ቦሎ ለማደስ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራስ? ለዚያች ቀን ደህና ጎማ ተውሶ አስሮ፣ ሲያልፍ ወደ አሮጌው የሚመለስ እንዳለ ሾፌሮች ራሳቸው ያወራሉ። እንዲህ ከሆነ የተመረመረው ማን ነው? በቀሩት ቀናትስ ማን ያያል? ንጋት ላይ ከአየር ጤና ወደ ወልቂጤና ጅማ የሚወጡትን መኪኖች ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። ተሳፋሪ ይቆጠራል፣ ሻንጣ ይታሰራል፣ ሒሳብ ይሰበሰባል፣ ስለ ትርፍ ሰው ይጨቃጨቃሉ። ከጎማዎቹ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ቦዩን በጣቱ የነካ፣ የውስጠኛውን ጎን በእጅ ባትሪ ያየ፣ «ይቺ ዛሬ አትወጣም» ያለ ሰው ግን አላየሁም። ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው፤ መሣሪያም አይጠይቅም።