ጥሬ ሥጋ በልቶ ሃጊስ መፍራት

ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ የሌላውን ምግብ የመጸየፍ መብት የለውም ባይ ነኝ። አጎቴ አይስማሙም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሥጋ ቤት ይገባሉ፤ የተሰቀለውን ሥጋ ግራ ቀኝ ዞረው ይመረምሩና «ከዚህ ከሻኛው፣ ከዚያ ደግሞ ከጎድኑ አድርግልኝ» ብለው ያስቆርጣሉ። ቢላዋቸውን ይዘው፣ አዋዜና ሚጥሚጣውን እያፈራረቁ ግማሽ ኪሎውን ድራሹን ካጠፉት በኋላ አፋቸውን በሶፍት ጠርገው፣ «እነዚህ ጃፓኖች ዓሣ በጥሬው ይበላሉ አሉ። ምን ጉድ ነው?» ይላሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አሁን የበሉት ታዲያ ምን ነበር?»

«እሱማ ሥጋ ነው!»

ክርክሩ እዚያው ተዘጋ። ይግባኝ የለውም።

አጎቴ ዓለም አላዩም እንዳይባል በሥራ ዘመናቸው ለስልጠና አውሮፓ ተልከው ያውቃሉ። ሻንጣቸው ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለክፉ ቀን ደግሞ ትንሽ በሶ ነበረበት። ስንቁ ከስልጠናው ቀድሞ አለቀ። ሰርተፊኬታቸውን ይዘው፣ ቀበቷቸውን አጥብቀው ተመለሱ። ቁርስ ምን ይበሉ ነበር? «ዳቦና እንቁላል።» ምሳስ? «እንቁላልና ዳቦ።» እንዲህ ያለ መንገደኛ በየቤቱ አለ። ለእሱ የሚሆን አንድ ምክር አለኝ፦ የዓለምን ምግብ ከዘመድ ጀምር። ስማቸው ባዕድ ሆኖ፣ ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው ከእኛው ጓዳ የወጡ የሚመስሉ፣ አገር የሚኮራባቸው ምግቦች ሞልተዋል።

ሃጊስን እንውሰድ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ምግብ ነው። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተቀቅሎ ይከተፋል፤ ሞራ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና አጃ ይገባበታል፤ ከዚያ የበጉ ጨጓራ ውስጥ ተሞልቶ አፉ ይታሰርና ለሰዓታት ይቀቀላል። ወገኖቼ፣ ይህ እኮ ዱለት ነው! ልዩነቱ እኛ ጨጓራውን ከትፈን ከሌላው ጋር እናቀላቅለዋለን፣ እነሱ ከረጢት አደረጉት። መነሻውም አንድ ነው፤ በግ ሲታረድ ቶሎ የሚበላሸው የሆድ ዕቃው ስለሆነ፣ ባለቤቲቱ ብልህ ከሆነች ቅድሚያ የምትሰጠው ለእሱ ነው።

በክብር ግን ስኮትላንዶች በልጠውናል። ገጣሚው ሮበርት በርንስ በ1786 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ለሃጊስ የውዳሴ ግጥም ጻፈለት። ዛሬም በየዓመቱ ጃንዋሪ 25፣ በበርንስ ልደት ምሽት፣ ሃጊሱ በትልቅ ሳህን ሆኖ፣ በባግፓይፕ ሙዚቃ ታጅቦ ወደ አዳራሹ ይገባል። እንግዳው ሁሉ ብድግ ይላል። አንዱ ሃጊሱ ፊት ቆሞ ግጥሙን ይወርድለታል፤ ስለ ቢላዋ የሚናገረው ስንኝ ላይ ሲደርስም ቢላዋውን መዞ ሆዱን ይዘረግፈዋል። ከዚያ ውስኪ ይቀዳል። እኛ ቅኔ የምንቆጥረው ሰዎች ዱለትን ቆመን ተቀብለነው አናውቅም፤ እንዲያውም ከምጣዱ እስኪወርድ እንኳ አንታገሠውም።

ሳንባው ላይ ብቻ እንለያያለን። እኛ ቤት ሳንባ የውሻ ድርሻ ነው። የአሜሪካ መንግሥትም በ1971 የእንስሳ ሳንባ ለሰው ምግብነት እንዳይውል ስለከለከለ፣ ባህላዊው ሃጊስ ከነሳንባው ወደዚያ አገር አይገባም። በዚህ ጉዳይ ዋሽንግተንና እናቴ አንድ አቋም አላቸው።

ሁለተኛው ዘመድ ይበልጥ ያስገርማል። ሳውዲ አረቢያ በ2023 መጀመሪያ ላይ ብሔራዊ ምግቧን በይፋ አሳወቀች። እኔ ሩዝና ሥጋውን፣ ከብሳን፣ ትመርጣለች ብዬ ነበር። የአገሪቱ የምግብ ጥበባት ኮሚሽን የሾመው ግን ጀሪሽን ነው። ጀሪሽ የተከካ ስንዴ በመረቅና በእርጎ ቀስ እያለ እየተማሰለ በስሎ፣ ላዩ ላይ የተቁላላ ሽንኩርት የሚደረግበት ምግብ ነው። ቅንጬ በሉት። ወሬውን ለአክስቴ ብነግራቸው «ያን ሁሉ ነዳጅ ይዘው ቅንጬ?» አሉ። ትንሽ አሰብ አደረጉና «ቅቤ ያደርጉበታል?» ብለው ጠየቁኝ። ያደርጉበታል አልኳቸው። «እንግዲያው ደህና ናቸው» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ሪያድና ጅዳ በሰው ቤት ሥራ የኖሩ እህቶቻችን ብዙዎቹ ይህን ከማናችንም ቀድመው ሳያውቁት አይቀሩም።

ምግብ በመንግሥት ሲሾም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የታይላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፊልድ ማርሻል ፕሌክ ፒቡንሶንግክራም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማና በጦርነቱ ዘመን ሕዝባቸውን ዘመናዊ ለማድረግ ተነሥተው ነበር። በ1939 የአገሪቱን ስም ከሲያም ወደ ታይላንድ ቀየሩ። ወንዱም ሴቱም አደባባይ ሲወጣ ኮፍያ እንዲያደርግ አዘዙ። ኑድልም ብሉ አሉ። ዛሬ በየዓለሙ ከተማ የሚሸጠው ፓድ ታይ፣ ያ ከእንቁላልና ከተፈጨ ኦቾሎኒ ጋር የሚጠበሰው የሩዝ ኑድል፣ የዚያ ዘመቻ ልጅ ነው። ኑድሉ ራሱ ከቻይና የመጣ መሆኑ ማንንም አላስጨነቀም። ማርሻሉ ሄዱ፣ ኮፍያውም ቀረ፤ ሳህኑ ግን አሁንም ትእዛዙን እያከበረ ነው።

የገንፎ ዘመዶች ብዙ ስለሆኑ በጥቅሉ ልለፋቸው። የመን፣ ሱዳን፣ ሊቢያና ቱኒዝያ አሲዳ ይሉታል። እኛ ቅቤና በርበሬ በምንሞላው ጉድጓድ አንዱ መረቅ፣ ሌላው ማር ያፈስበታል። አራስ ጥየቃ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመብላት ልምምድ አያስፈልገውም።

ወደ ጥሬው ነገር ልመለስ፤ አጎቴን እንዲህ በቀላሉ አልለቃቸውም። ፔሩዎች የሚኮሩበት ሴቪቼ የሚባል ምግብ አላቸው፤ ጁን 28ም ብሔራዊ የሴቪቼ ቀን ተብሎ ይከበራል። ጥሬ ዓሣ ተቆራርጦ በሎሚ ጭማቂ፣ በቀይ ሽንኩርትና በቃሪያ ይታሻል። ሎሚው እሳት የነካው ይመስል ሥጋውን ነጭና ጠንከር ያለ ያደርገዋል። ይህንን ሳስረዳቸው «ሳይበስል?» አሉ። ሎሚው ያበስለዋል አልኳቸው። «ታዲያ የእኔንስ ሚጥሚጣው ያበስልልኝ የለም?» ብለው ሳቁ። ይህን እንደ ግማሽ ድል ቆጥሬዋለሁ።

በዚያው በፔሩ ኩይ የምትባል፣ ጭራ የሌላት አይጥ የምትመስል የቤት እንስሳ ተጠብሳ ትበላለች። ኩስኮ ካቴድራል ውስጥ በ18ኛው መቶ ዘመን ማርኮስ ሳፓታ የሣለው የመጨረሻው እራት ሥዕል አለ፤ ጌታና ሐዋርያት በተሰበሰቡበት ማዕድ መካከል፣ ሳህን ላይ ኩይ በጀርባዋ ተንጋላለች። ሰውዬው የሚያውቀውን የድግስ ምግብ ሣለ፣ ምን ይፈረድበታል? የእኛ ሠዓሊ ቢሆን፣ ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነውና፣ ጉልባን ያቀርብ ነበር።

ከዚያው ከአሜሪካ ምድር የመጣ አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ በርበሬ። ኮሎምበስ በ1492 ባሕር ከመሻገሩ በፊት ከዚያ ክፍለ ዓለም ውጭ ያለ ሰው ቃሪያ ቀምሶ አያውቅም። የሃንጋሪዎች ጉላሽ የሚቀላበት ፓፕሪካም፣ የኮሪያዎች ኪምቺ የሚፋጅበት ቃሪያም፣ አጎቴ «አገሬን ያስታውሰኛል» ብለው ሻንጣቸው ውስጥ የከተቱት በርበሬም መጤዎች ናቸው። ይህን ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም። የደም ግፊት አለባቸው።

ኩራት ነው እንግዲህ ነገሩን የሚያከረው። ሁሙስ የሽሮ ዘመድ ነው፤ ሽንብራ ተቀቅሎ ከሰሊጥ ጋር ይላቆጣል። እስራኤልና ሊባኖስ የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ሲባባሉ፣ በጃንዋሪ 2010 እስራኤል ውስጥ ያለችው አቡ ጎሽ የተባለች የአረብ መንደር 4 ቶን ያህል ሁሙስ አዘጋጅታ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። ሊባኖሶች እስከ ሜይ ብቻ ታገሡ። 10,452 ኪሎ ሠርተው መለሱላት። ቁጥሩ የተመረጠው የአገራቸው ስፋት 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው ስለሚባል ነው። እኛ በዚህ ስሌት ብንገባ ከ1 ሚሊዮን ኪሎ በላይ ሽሮ መሥራት ሊኖርብን ነው። ድስቱን ማን ያወጣዋል?

ናይጄሪያና ጋናም በጆሎፍ ሩዝ ምክንያት ሲነታረኩ ይኖራሉ። እንግሊዛዊው የምግብ ባለሙያ ጄሚ ኦሊቨር በ2014 የራሱን ጆሎፍ አሠራር ሲያወጣ ግን ባንድ ጊዜ ታርቀው በእሱ ላይ ዘመቱ። እኛስ ብንሆን? አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት ወስዶ ስንት ዓመት አንገበገበን፤ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት እዚያው አገር ውስጥ ዋጋ ቢስ ሲያደርገው እንጀራ ጋግራ የማታውቅ ኮረዳ ሳትቀር ደስ ብሏታል።

የሚቀረው የሸተተው ወገን ነው። አይስላንዶች የሻርክ ሥጋ፣ ትኩሱን ቢበሉት መርዝ ስለሆነ፣ ለሳምንታት ጠጠር ውስጥ ቀብረው፣ አውጥተው ደግሞ ለወራት ሰቅለው አድርቀው ይበሉታል። ሽታው የሽንት ቤት ማጽጃ ነው። «የተቀበረ ነገር?» አሉ አጎቴ፣ ክትፏቸውን በቆጮ እየጠቀለሉ። ቆጮ የት እንደሚከርም ጠየቅኳቸው። ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዝም ብለው ጎረሱ።

ስለዚህ አዘውትረው ለሚጠይቁኝ ፍርዴን ልስጥ። ኤድንብራ ለሚሄድ፦ ሃጊስ ያለ ፍርሃት። ሪያድ፦ ጀሪሽ፣ ከከብሳው በፊት። ሊማ፦ ሴቪቼ፣ በምሳ ሰዓት፣ ዓሣው ትኩስ ሳለ። የአይስላንዱን ሻርክ አንድ ጉርሻ፣ ለወግ ያህል። የስዊድኖቹ ሱርስትሮሚንግ ላይ ግን እኔም ከአጎቴ ጎን እቆማለሁ። ጨው ተቆጥቦለት የቦካ የባልቲክ ዓሣ ነው፤ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶም መቡካቱን ስለማይተው ቆርቆሮው ያብጣል። ራሳቸው ስዊድኖች የሚከፍቱት ከቤት ውጭ ነው። በ2006 ኤር ፍራንስና ብሪቲሽ ኤርዌይስ ሊፈነዳ ይችላል ብለው ከአውሮፕላናቸው አግደውታል። ስቶክሆልም ያላችሁ ወገኖች፣ ጎረቤት ቢጋብዛችሁ ከቂጣና ከድንች ጋር ቅመሱት፣ ግድ የለም። ለአገር ቤት ስጦታ ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት ብቻ፣ አደራ።