ለደነባ ሊቅ የሚያወጣ ማሽን ይግባልን

ደነባ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ገበያ አላት፣ ትምህርት ቤት አላት፣ ቤተ ክርስቲያን አላት፤ አረቄውም ድራፍቱም አይጠፋባትም። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰውን ዕውቀት እዚያው በቆመበት ለክቶ፣ እዚያው በቆመበት ጥሬ ብር የሚቆጥርለት ማሽን። እንግሊዞች ይህን ጉድለት ከደፈኑት ቆይተዋል። በመጠጥ ቤቶቻቸው ጥግ ሳንቲም እየጎረሰ ጥያቄ የሚጠይቅ፣ የመለሰለትን የሚሸልም ሣጥን አቁመዋል፤ ጠጪው እንዳይሰለችም አዳዲስ ጥያቄና አዳዲስ የጣት ቅልጥፍና ጨዋታ በየጊዜው ይጫንበታል። በአንድ እጁ ቢራውን የያዘ ሰው በሌላው እጁ መስኮቱን እየነካ የነገሥታትን ዘመን ይመልሳል። እኛ ዘንድ ግን ግሮሰሪ ማለት አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፑል፣ ደጅ ላይ ደግሞ እጀታው የላላ ጆተኒ ነው። ሰው ጠጥቶ፣ ስቆ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ሳይፈተንና ሳይሸለም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ብክነት በአስቸኳይ መቆም አለበት። ስለዚህ «ይህ ቁማር አይደለም፤ የዕውቀትና የችሎታ ውድድር ነው» የሚለውን የዘመኑን ክርክር በሙሉ ልብ ተቀብዬ፣ ማሽኑ ለደነባ እንዲገባ ማስረጃዬን አቀርባለሁ።

ከዜሮ እንደማንጀምር አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ሣጥኑ እስኪመጣ ድረስ ስልካችን ሥራውን ጀምሮልናል። መልኩ በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይጠራው ከአንድ አጭር ቁጥር መልእክት ይገባል፤ መኪና ይሸለማሉ ይላል። ቀጥሎ ፈተናው ይመጣል። ዓባይ የሚወጣው ከየትኛው ሐይቅ ነው? ጣና ከሆነ ሀ፣ ሐዋሳ ከሆነ ለ ብለው ይላኩ። ሀ ብሎ የላከው እጅግ ድንቅ ነው፣ 100 ነጥብ አግኝተዋል፣ መኪናው ሊደርስዎት ነው ይባላል። ለ ብሎ የላከውም አያፍርም፤ ጥሩ ሙከራ ነው፣ 50 ነጥብ አግኝተዋል፣ ይቀጥሉ ተብሎ ይበረታታል። ከሁለቱም ሒሳብ ላይ የሚቆረጠው ብር እኩል ነው። ያለፈውንም የወደቀውንም በአንድ ዋጋ የሚያስተናግድ እንዲህ ያለ ርኅሩኅ ትምህርት ቤት ከየት ይገኛል? ነጥቡ የሚከመረው ደግሞ በማወቅ ሳይሆን በመላክ ነው። ጣናን የሚያውቀው አንዴ መልሶ ዝም ቢል፣ ሐዋሳ ሐዋሳ እያለ 40 ጊዜ የላከ ጎረቤቱ ጥሎት ይሄዳል። አገልግሎቱን ለማቆም የሚላከው ቃል ከመልእክቱ ጅራት ላይ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህ እንደ ተጨማሪ የቋንቋ ፈተና ይቆጠርልን።

ከፍተኛ ትምህርቱ ግን ቤቲንግ ነው። ተማሪው የተጎዳ ተጫዋች ይቆጥራል፣ ያለፉትን ውጤቶች ያገላብጣል፣ ኦድ የሚባለውን፣ ግምቱ ቢይዝ የሚከፈለውን ብዜት ያወዳድራል፣ ከዚያ ቲኬት ይቆርጣል። ኳስ የሚያውቅ ያሸንፋል ይባላል። እንግዲያው ኳስ የሚያውቅ ሰው እናምጣ፤ ከ10 ጨዋታ 8ቱን የሚያገኝ፣ ከአገር የተመረጠ ሊቅ ይሁን። ይህ ሊቅ 10 ጨዋታ በአንድ ቲኬት ላይ ቢደረድር ዐሥሩም የሚይዙለት ዕድል 11 በመቶ አይሞላም። ከ9 ቲኬት አንዱ ቢሠራለት ነው፤ የቀሩት «አንድ ጌም በላኝ» እየተባለ ይቀደዳሉ። «ሲይዝ በዚያው ልክ ብዙ ይከፍል የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። የአቋማሪው ቤት ችሎታ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ እያንዳንዱን ኦድ ከትክክለኛ ዋጋው ጥቂት ሸርፎ ነው የሚሰቅለው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ 7 በመቶ ብቻ ሸረፈ እንበል፤ ዐሥሩ እርስ በርስ ሲባዙ፣ ቲኬቱ ቢይዝ እንኳ የሚከፈለው ሊከፈል ከሚገባው ግማሽ አይሞላም። ጨዋታ በተጨመረ ቁጥር ቤቱ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይቆርሳል። አንድ ጌም በላኝ የሚለው ሰው እንግዲህ የተበላው በአንዱ አይደለም፤ በዐሥሩም ነው።

ኳስ በሌለበት ሰዓትም ሊቃውንቱ ሥራ አይፈቱም፤ አቪዬተር አለላቸው። ትንሿ አውሮፕላን ከስክሪኑ ጥግ ትነሣለች፤ ብዜቱ 1.20፣ 1.50፣ 2 እያለ ይወጣል፤ ሰውየው ጣቱን ካሽ አውት ላይ አንጠልጥሎ ይጠብቃል። ቀድሞ ከነካ በደረሰበት ብዜት ይከፈለዋል፤ ካመነታ አውሮፕላኗ በርራ ትጠፋለች፤ ብሩም አብሯት። ዐይን፣ ጣት፣ ልብ፤ ችሎታ ማለት ይኸው ነው። ብቻ አውሮፕላኗ የምትጠፋበት ቁጥር ገና ስትነሣ ተቆርጦ ያለቀ ነው፤ የጣቱ ፍጥነት እሱን አይለውጠውም። ጨዋታውን የሠራው ስፕራይብ የተባለው ኩባንያ ለተጫዋቾች የሚመለሰው 97 በመቶ እንደሆነ ራሱ ያስታውቃል። 97 ከ100 ለተማሪ ቢሆን ደስ የሚል ውጤት ነበር። ነገር ግን 100 ብር ይዞ ገብቶ የቀረውን በየዙሩ መልሶ የሚያስይዝ ሰው በአማካይ ከ50 ዙር በኋላ 22 ብር ገደማ፣ ከ100 ዙር በኋላ ደግሞ 5 ብር የማይሞላ ይቀረዋል። አንዱ ዙር ብዙውን ጊዜ ደቂቃ አይፈጅም። ኮርሱ አጭር፣ ምረቃውም ፈጣን ነው።

ይህን ሰምቶ «ታዲያ ከሎተሪ በምን ተለየ?» የሚል ተጠራጣሪ አይጠፋም፤ ለእሱ የውጭ ታሪክ እንጥቀስለት። ኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ፒንቦል የተባለውን፣ ኳስ እያስወነጨፉ የሚጫወቱበትን ማሽን እንደ ቁማር ቆጥራ አግዳው ነበር፤ ከንቲባው ላ ጋርዲያ መዶሻ ይዘው ማሽን ሲያደቅቁ ፎቶ ተነሥተዋል። እገዳው የተነሣው በ1976 ሲሆን፣ ሮጀር ሻርፕ የተባለ ተጫዋች በከተማው ምክር ቤት ፊት ኳሷ በየት በኩል እንደምታልፍ አስቀድሞ ተናግሮ፣ እንደተናገረው አሳለፋት። የችሎታ ማስረጃ ይህን ይመስላል፤ ሰውየው ውጤቱን በእጁ ለወጠው። የእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የቁማር ሕግ ደግሞ ዕድልና ችሎታ የተቀላቀለበትን ጨዋታ ከዕድል ጨዋታ ይመድበዋል፤ ውኃ የገባበት ወተት እንደ ወተት አይሸጥም እንደማለት ነው። የእኛም መንግሥት ቢሆን በዚህ ነገር አልተሞኘም። ለስፖርት ውርርድ ፈቃድ ሲሰጥ የኖረው ትምህርት ሚኒስቴር አይደለም፤ በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሎተሪ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ም ከዕድል ሙከራ በተገኘ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ሲጥል በማወቅ ያሸነፈ ሊቅ የሚባል ልዩ መደብ አላበጀም። ሊቁ ለብቻው ምረቃ ቢጠብቅም ወረፋው ከሎተሪ ባለ ዕድል ኋላ ነው።

እሺ፤ ዕድል የሚባል ነገር የሌለበት፣ ንጹሕ የዕውቀት ማሽን ይምጣልን። ያኔ ደግሞ የባሰ ችግር ይገጥመናል፤ የሚያውቅ ሰው ይመጣል። በእንግሊዝ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እየዞሩ ማሽኑን የሚያራቁቱ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ተነሥተውበት ነበር። ትርፍ የማያመጣ ሣጥን ደግሞ ጥግ አይሰጠውም፤ ስለዚህ ጥያቄው ይከብዳል፣ ሰዓቱ ያጥራል፣ ሽልማቱ ይርቃል። አዲስ ጨዋታ ገባ ማለት ብዙውን ጊዜ አሮጌውን የሚያውቁት በዙ ማለት ነው። ውጭ አገር ያሉ አቋማሪ ድርጅቶችም አዘውትሮ የሚረታ ደንበኛ ሲያገኙ ሜዳሊያ አያጠልቁለትም፤ የሚያስይዘውን ገንዘብ አሳንሰው ይገድቡበታል ወይም ሒሳቡን ይዘጉበታል። ቤቱ ከእኛ የሚፈልገው ዕውቀት መጠን አለው፤ «አውቃለሁ» ለማለት የሚበቃ፣ ለማሸነፍ ግን የማይበቃ። መንገድ ዳር ሦስት ካርታ የሚያገላብጠው ልጅ «ቀዩዋን ያየ!» እያለ የሚጣራው ይህ ገብቶት ነው። ዕድልህን ሞክር አይልም፤ የዐይንህን ብርታት አሳየኝ ነው የሚለው። ዐይኑን የሚተማመን ሰው ዕድሉን ከሚተማመነው አብልጦ ያስይዛላ። ሎተሪ ያልወጣለት ሰው «ዕድሌ ነው» ብሎ ይሄዳል፤ በችሎታ ጨዋታ የተበላው ግን «ትንሽ ባስብበት ኖሮ» ብሎ ይመለሳል። ዕውቀት የሚለው ስም ማሽኑ ላይ የሚለጠፈው ለዚህ መመለስ ሲባል ነው።

ባህል ወዳዶች «የጥያቄና መልስ ሽልማት ለእኛ አዲስ አይደለም» ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። ልክ ናቸው፤ እንቆቅልሽ አለን። መልሱ የጠፋው ሰው አገር ይሰጣል፤ ጎንደርንም ሐረርንም በአንድ ምሽት ያስረክባል። ጨዋታው ግን ከንግድ አንጻር ሁለት ከባድ ጉድለቶች አሉበት፤ የተሰጠችው ከተማ ጠዋት በቦታዋ ትገኛለች፣ ጠያቂውም ተራው ሲደርስ ይጠየቃል። ማሽኑ ሁለቱንም አርሟል። የተሰጠው አይመለስም፤ ጠያቂውም አይጠየቅም። የደነባ ገበሬም ቢሆን ለግምት ጨዋታ እንግዳ አይደለም። በዋልካ መሬት ላይ የክረምቱ ውኃ መቼ እንደሚሸሽ ገምቶ፣ ስንዴውን ቀድሞ ይዝራ ወይስ ዝናቡ እስኪወጣ ቆይቶ ምስርና ጓያ ያድርገው ብሎ የሚወስን ሰው ኦድ ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረውም። የእሱ ዙር ግን ዓመት ይፈጃል፤ ቢሸነፍም ጭዱ ለከብቱ ይተርፈዋል። ከተሸነፈ ቲኬት ምን ይተርፋል? ወረቀቱን እንኳ በሬ አይበላውም።

የኢኮኖሚው ክርክር ይቀራል። «ሥራ ፈጥሯል፣ ግብር ያስገባል» ይባላል። ሐሰት አይደለም፤ ቲኬት የሚቆርጠው ልጅ ደመወዝ አለው፣ ክፍሉን ያከራየውም ኪራይ አለው። ብሩ ግን ከሌላ አገር አልመጣም፤ ከዚያችው ከተማ ኪስ ተለቅሞ፣ አንዱ ቁራሽ ለልጁና ለአከራዩ ተትቶ፣ የቀረው ከከተማ ወጥቷል። ማሽኑ እህል አይፈጭ፣ ልብስ አይሰፋ፤ የሚያመርተው «ነገ» የሚል ተስፋ ብቻ ነው። «ማንም አልተገደደም» የሚለውም እንዲሁ ትክክል ነው፤ ያልተገደደ ሰው ግን በቀን ሦስት ጊዜ ለምን በመልእክት እንደሚጎተጎት ቢብራራልን መልካም ነበር። «ሕግ አለ» ለሚሉትም አዎ እንላቸዋለን። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መጠጥን ከሽልማትና ከዕጣ ጋር አያይዞ ማስተዋወቅን ከልክሏል። ሕግ አውጪው ብርጭቆና ሽልማት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ዐውቆታል ማለት ነው። መላው ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ሽልማቱ ከቆርኪው ሥር ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገባ፣ ስልኩም ጠርሙሱ አጠገብ ተቀመጠ። ከ21 ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው የሚለው ጽሑፍ በር ላይ ይለጠፋል፤ ስለ ዓባይና ስለ ጣና የሚጠይቀው መልእክት ግን የመላሹን ዕድሜ አይጠይቅም። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የውርርድ ቤቶች ሲታሸጉም የታሸገው በር ነው፤ ኪስ አይታሸግም።

ስለዚህ ማሽኑ ይግባ ብዬ የጀመርሁትን አልለውጥም፤ ውድድር ነው ተብሏልና እንደ ውድድር ይተዳደር ብዬ ብቻ እጨምራለሁ። በየሳምንቱ ስንት ብር እንደጎረሰና ስንት እንደተፋ በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል ግንባሩ ላይ ይጻፍ። ደጋግሞ ያሸነፈ ሰው አይባረር፤ ጥያቄም አይክበድበት። መልእክቱ ላልጠየቀው ሰው አይላክ፤ ማቆሚያውም «በቃኝ» የሚል የአማርኛ ቃል ይሁን። የሚያስይዘውን በደመወዙ ሳይሆን በብድር የሚያመጣ ሰው ከማሽኑ ፊት ይነሣ። በሳምንት አንድ ቀንም ጠጪዎቹ ይጠይቁ፣ ባለ ማሽኑ ይመልስ፤ ካልመለሰ እሱም ከኪሱ ይክፈል። ይህን ሁሉ ፈርሞ የሚገባ ነጋዴ ከተገኘ የደነባ ግሮሰሪዎች ጥግ አይነፍጉትም። እምቢ ካለም አንቀየመውም፤ ውድድር ነው ወይስ ቁማር ለሚለው ክርክር ከዚህ ሁሉ ማስረጃ ይልቅ የእሱ እምቢታ ይበቃል።