ሁለቱም አለብዎት

ራስ ምታት ይዘው ክሊኒክ ይግቡ፤ ታይፎይድና ታይፈስ ይዘው ይወጣሉ። አንዱን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ካለ ቢያስተዋውቁኝ ደስ ይለኛል።

የታይፎይዱ ዳኛ ዊዳል ነው፤ ፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል በ1888 ዓ.ም. ያወጣው ምርመራ። የዓድዋ እኩያ መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ ዓድዋን የምናከብረው በዓመት አንዴ ነው። ምርመራው የሚፈልገው ተህዋሲውን ሳይሆን ሰውነትዎ ያመረተውን መከላከያ ነው። ስለዚህ የድሮ ሕመምዎንም፣ ክትባትዎንም፣ አንዳንዴ የሌላ ተህዋሲ ትዝታንም ቆጥሮ «ፖዘቲቭ» ይላል።

እስቲ የውጤቱን መጠን «ስንት ለስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። «የደም ካልቸርስ?» ይበሉ፤ ቀስ ብለው ታዲያ። ሐኪሙ ከመነጽሩ በላይ ያይዎታል፦ «የሕክምና ባለሙያ ነዎት?» አይደለሁም፣ ደሙ የእኔ ስለሆነ ነው ይበሉ። ተህዋሲውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚፈልገው ካልቸር ቀናት ይፈጃል፤ ደሙም መድኃኒት ሳይጀመር ቢቀዳ ይሻላል። የሲፕሮ ማዘዣው ግን እርስዎ ላቦራቶሪ በር ላይ ወረፋ ሲጠብቁ ተጽፎ አልቋል።

ከሐኪሙ የሚብሱት አብረውዎት የመጡት አክስትዎ ናቸው። «ኧረ ዝም በል! ከሐኪም ጋር ክርክር ምንድን ነው? ዶክተር፣ አደራዎን፣ መርፌም ይጨምሩለት።»